የሙከራው ማግስት፦ «ጥንቁቅ አሠራር በቤተ ሙከራ» ስለ አደገኛ ቆሻሻ የሚለውና የሚተወው

በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚታደለው የተግባር ልምምድ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ቅርጽ አለው። በመጀመሪያ ዓላማው ይጻፋል፤ ቀጥሎ የሚያስፈልጉት ዕቃዎችና ኬሚካሎች ይዘረዘራሉ፤ የአሠራሩ ቅደም ተከተል ይከተላል፤ በመጨረሻም ስለ ውጤቱ አራት ወይም አምስት ጥያቄዎች ቀርበው ገጹ ያበቃል። ተማሪው ያገኘውን ቁጥር በደብተሩ አስፍሮ፣ ነጭ ጋዋኑን አውልቆ ይሄዳል። በጠረጴዛው ላይ ግን ብርቱካንማ፣ አረንጓዴና ቀለም የለሽ ፈሳሾች በየብርጭቆው ይቀራሉ። እነዚህ ወዴት እንደሚሄዱ መመሪያው አንድም ቃል ስለማይተነፍስ፣ መልሱን የሚሰጠው የመውጫ ሰዓቱ የደረሰበት የቤተ ሙከራ ረዳት ነው። መልሱም ብዙውን ጊዜ የውሃውን ቧንቧ ከፍቶ ሁሉንም በአንድነት ወደ ማፍሰሻው መልቀቅ ነው።

ይህን ዝምታ ለመስበር ከተዘጋጁት መጻሕፍት መካከል የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት «ፕሩደንት ፕራክቲስስ» በሚል ስም በተከታታይ ያሳተማቸው መጻሕፍት የመጀመሪያውን ረድፍ ይይዛሉ። ስሙ በአማርኛ «ጥንቁቅ አሠራር» ተብሎ ሊተረጐም ይችላል። የመጀመሪያው ቅጽ እ.ኤ.አ. በ1981 ወጥቶ ስለ አደገኛ ኬሚካሎች አያያዝ ሲናገር፣ ሁለተኛው በ1983 ታትሞ ስለ አወጋገዳቸው ብቻ ያትታል። በ1995 ሁለቱ ተዋሕደው በአንድ ጥራዝ ወጡ፤ በ2011 ደግሞ ታድሶ የታተመው ቅጽ ዛሬ በብዙ አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች የቤተ ሙከራ ደኅንነት ደንብ ሲረቀቅ ከፊት የሚቀመጥ ሆኗል። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ፣ የመጻሕፍት በጀት በሌላቸው ተቋማትም ዘንድ ሊነበብ ይችላል። ታዲያ ብዙ የሚጠቀስ መጽሐፍ ሁሉ ጠቃሚነቱ በተወለደበት አገርና በሚነበብበት አገር እኩል ነው ብሎ መቀበል አይገባምና፣ ይህ ሐተታ መጽሐፉን በተለይ ወደፊት መምህራን የሚሆኑ ተማሪዎች ከሚለማመዱበት ቤተ ሙከራ አንጻር ይመረምረዋል።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት የቆሻሻን ጥያቄ ከሙከራው በኋላ ሳይሆን ከሙከራው በፊት ማንሣቱ ነው። ሙከራውን የሚያቅድ ሰው ምን እንደሚገዛ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተርፈው፣ የሚተርፈውም በማን እጅ እንደሚወድቅ አስቀድሞ እንዲያስብ ይጠይቃል። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው፤ ከሁሉ በፊት ቆሻሻው እንዳይፈጠር ማድረግ፣ ካልተቻለ መጠኑን መቀነስ፣ ከዚያ መልሶ መጠቀም፣ ከዚያ መርዝነቱን ማርከስ፣ ማስወገድ ግን የመጨረሻው። ይህ አስተሳሰብ በመጽሐፉ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አናስታስና ዋርነር «አረንጓዴ ኬሚስትሪ» በተባለው መጽሐፋቸው ካስቀመጧቸው 12 መርሖች የመጀመሪያው፣ የተፈጠረውን ቆሻሻ ከማጽዳት ይልቅ እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚለው ነው።

ሁለተኛው ብርታቱ ክልከላውን ከምክንያቱ ጋር ማቅረቡ ነው። ቆሻሻ በየዓይነቱ ተለይቶ ይቀመጥ ሲባል ትእዛዙ ብቻውን ከባድ አይመስልም። ነገር ግን ናይትሪክ አሲድ የተጨመረበት የአልኮል ወይም የአሴቶን ቆሻሻ ጠርሙስ ክዳኑ ጠብቆ ከታሰረ፣ በመጀመሪያ ምንም ሳይታይበት ቆይቶ ከሰዓታት በኋላ በውስጡ በሚፈጠረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። ክሎሮፎርምና አሴቶን አልካሊ በተገኘበት ሲገናኙ በኃይል ይግላሉ። የሳያናይድ ብጥብጥ ከአሲድ ጋር በአንድ ዕቃ ከገባ ገዳይ ጋዝ ይወጣል። ሶዲየም አዛይድ ደግሞ ወደ ማፍሰሻ ከተለቀቀ ከመዳብ ወይም ከእርሳስ ቧንቧ ጋር ተዋሕዶ፣ ከጊዜ በኋላ ቧንቧውን የሚጠግነው ሠራተኛ በቁልፉ ሲመታው የሚፈነዳ ጨው ሊሠራ ይችላል። አደጋው የሚደርሰው እንግዲህ ባፈሰሰው ሰው ላይ አይደለም፤ ስለ ኬሚስትሪ ምንም ባልሰማና ምናልባትም ከዓመታት በኋላ በመጣ ሰው ላይ ነው። «በብዙ ውሃ ካቀጠኑት ምን ይጎዳል?» ለሚለው የቆየ ልማድም የመጽሐፉ መልስ የማያወላውል ነው፤ ማቅጠን ማርከስ አይደለም፤ ሜርኩሪ በአንድ ሊትርም በሺህ ሊትርም ውስጥ ያው ሜርኩሪ ነው።

እስከዚህ ድረስ መጽሐፉን ማመስገን ቀላል ነው። ጭንቁ የሚጀምረው ቆሻሻው በየዓይነቱ ከተለየ፣ ጠርሙሱ ከተሞላ፣ ስሙና ቀኑ ከተለጠፈበት በኋላ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የቆሻሻ ሕግ ቆሻሻውን ያመነጨው ተቋም ከመነሻው እስከ መጨረሻው ተጠያቂ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ስለዚህም ፈቃድ ያላቸው ጫኞች፣ ማቃጠያዎችና ማከሚያዎች በየቦታው ተቋቁመዋል። መጽሐፉ የተጻፈው በዚህ ሁሉ መካከል ተቀምጦ ነው። አስተሳሰቡ ሁሉ ከቤተ ሙከራው ደጅ ላይ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ እንደሚጠብቅ ይገምታል። መኪናው ከሌለስ? ለዚህ ጥያቄ ስምንተኛው የቆሻሻ ምዕራፍ የሚበቃ መልስ አይሰጥም።

በኢትዮጵያ ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ቆይቷል፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ በተለይ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 ተጨምሯል። አገሪቱ አደገኛ ቆሻሻ ከድንበር ድንበር የሚዘዋወርበትን ሁኔታ በሚወስነው የባዝል ስምምነትም ገብታለች። ሕግ መኖር ግን አንድ ነገር ነው፤ ማቃጠያ መኖር ሌላ ነገር ነው። በየመጋዘኑ ለዓመታት ተከማችቶ የነበረው ጊዜ ያለፈበት የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ በነበሩት ዓመታት ሲጸዳ፣ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው በመርከብ ተጭኖ እስከ ፊንላንድ ድረስ ሄዶ ነው የተቃጠለው። አንድ መንግሥት ከለጋሾች ጋር ተባብሮ ለብዙ ቶን ይህን ማድረግ ይችላል። አንድ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ግን በዓመት ለሚያጠራቅመው 20 ወይም 30 ሊትር የክሎሮፎርም ቆሻሻ መርከብ ሊከራይ አይችልም፤ ስምምነቱም ራሱ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ፈቃዱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ስለሚጠይቅ ጉዳዩ በቀላሉ የሚያልቅ አይደለም።

በዚህ በኩል የሚገርመው፣ ዛሬ ከመደርደሪያ ወርዶ የተረሳው የ1983ቱ ቅጽ ለእንዲህ ያለ ቤተ ሙከራ ከአዲሱ ይልቅ የሚቀርብ መሆኑ ነው። በዚያ ቅጽ ጥቂት መጠን ያለው ኬሚካል እዚያው በተፈጠረበት ክፍል እንዴት መርዝነቱ እንደሚረክስ በዝርዝር ተጽፏል። የአርእስቱን ለውጥ ብቻ መመልከት ነገሩን ያመለክታል፤ በ1995 ሽፋኑ ላይ የነበረው «አወጋገድ» የሚለው ቃል በ2011 ወጥቶ በምትኩ የኬሚካል አደጋዎች «አስተዳደር» የሚል ገብቷል። አስተዳደር ለሚያስተዳድር ጽሕፈት ቤት ይመቻል። ማምሻው ላይ ብርጭቆ ይዞ ለቆመ የቤተ ሙከራ ረዳት ግን ማርከሻው ይበልጥበታል።

ለምሳሌ ያህል በብዙ ልምምዶች ውስጥ የሚገባውን ፖታሲየም ዳይክሮሜት መውሰድ ይቻላል። በብርቱካንማው ብጥብጥ ውስጥ ያለው ባለ ስድስቱ ክሮሚየም ካንሰር አምጪ ነው። ብጥብጡ በጭስ መሳቢያ ሥር ተቀምጦ በሰልፈሪክ አሲድ አሲድነቱ ፒ ኤች 3 እና ከዚያ በታች እስኪሆን ከተስተካከለ በኋላ ሶዲየም ባይሰልፋይት ጥቂት በጥቂት ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ ስለሚወጣ ጭስ መሳቢያው ለይስሙላ የሚጠቀስ አይደለም። ብርቱካንማው ቀለም ጠፍቶ አረንጓዴ ሲሆን ክሮሚየሙ ወደ ባለ ሦስቱ ተለውጧል ማለት ነው። ከዚያ አልካሊ እየተጨመረ ፒ ኤች 8 ወይም 9 ሲደርስ ክሮሚየሙ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይዘቅጣል። አልካሊው ከልክ ካለፈ ግን ዝቃጩ ተመልሶ ይሟሟል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ተጣርቶ የሚደርቀው ዝቃጭ አሁንም ቆሻሻ ነው፤ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል። ነገር ግን አሥር ሊትር የነበረው መርዝ በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ገብቷል፤ ካንሰር አምጪነቱም ተነሥቷል።

አንባቢው እዚህ ላይ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከላይ በተገለጸው አሠራር ውስጥ የኦክሲዴሽንና የሪዳክሽን ለውጥ አለ፤ የፒ ኤች ልክ አለ፤ የመዝቀጥና የመሟሟት ሚዛን አለ፤ ሁለት ዓይነት ጠባይ ያለው ሃይድሮክሳይድም አለ። ስንት ባይሰልፋይት እንደሚያስፈልግ ለማወቅ የሒሳብ ስሌት መሥራት ግድ ነው። እነዚህ ሁሉ በአንደኛ ዓመት የኬሚስትሪ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ በየምዕራፋቸው ተበታትነው የሚገኙ ናቸው። መጽሐፉ ግን ቆሻሻን ሁልጊዜ የደንብ ጉዳይ፣ ተማሪ ሊታዘዘው የሚገባ ነገር አድርጎ እንጂ ሊማርበት የሚችል ነገር አድርጎ አይመለከተውም። ለምርምር ቤተ ሙከራ የተጻፈ በመሆኑ ሊወቀስ አይገባው ይሆናል። መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋም ይህን ጉድለት ይዞ ቢቀጥል ግን ወቀሳው የተቋሙ ነው። ከቤተ ሙከራው የሚወጣው ተማሪ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገብቶ የአንድ ትንሽ ክፍልና የአንድ ቁም ሣጥን ኬሚካል ኃላፊ ይሆናል። ጭስ መሳቢያ አይኖረው ይሆናል፤ የሚጠይቀውም ሰው አይኖርም። በዩኒቨርሲቲው ያየው ሁሉም ነገር ወደ ማፍሰሻ ሲገባ ከሆነ፣ እርሱም የሚያስተምረው ያንኑ ነው።

ሌላው መጽሐፉ የማይነካው ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝን ምጸት ያለበት ነው። የወንዝ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ምን ያህል እንደተበከለ ለመለካት በየዩኒቨርሲቲው ከሚሠሩት ምርመራዎች ዋነኛው የኬሚካል ኦክሲጅን ፍላጐት ልኬታ ነው። ለዚህ ልኬታ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ የተጠናከረ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ፖታሲየም ዳይክሮሜት፣ የብር ሰልፌትና የሜርኩሪ ሰልፌት ይጨመራል። ወንዙ ተበክሏል ወይ ብሎ የጠየቀ ተማሪ መልሱን ባገኘ ጊዜ በእጁ ላይ ከወንዙ ውሃ እጅግ የከፋ ፈሳሽ ይዟል። ቀደም ሲል የተጻፈው የክሮሚየም ማርከሻም ለዚህ ብቻውን አይበቃም፤ ክሮሚየሙ ቢረክስ ሜርኩሪው አይረክስምና። ስለሆነም የዚህ ልኬታ ትራፊ ከሌላ ከምንም ጋር ሳይደባለቅ ለብቻው ሊጠራቀም ይገባዋል፤ የናሙናውም ቁጥር ለመመረቂያ ጽሑፉ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይሆን አማካሪው መምህር ሊጠይቅ ይገባል። በመቶ የሚቆጠር ናሙና የሚለካ የምርምር ዕቅድ ሲጸድቅ ስለ ናሙናው አወሳሰድ ብዙ ይጠየቃል፤ ስለ ትራፊው ግን የሚጠየቅበት ሥፍራ በቅጹ ላይ እምብዛም አይታይም።

መጽሐፉ የሚያነጋግረው ሰው ማን እንደሆነ ማስተዋልም ይጠቅማል። አንባቢው ተመራማሪው፣ የክፍሉ ኃላፊና የደኅንነት መኮንኑ ናቸው። የጽዳት ሠራተኛዋ በመጽሐፉ ውስጥ ሥልጠና ከሚሰጣቸው ሰዎች መካከል ብትቆጠርም፣ የእርሷ ዓይን የሚያየው ግን አይታይም። በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተማ ባዶ የመስተዋት ጠርሙስና ባዶ ጀሪካን ቆሻሻ አይደለም፤ ዕቃ ነው። ሁለት ሊትር ተኩል የሚይዘው ወፍራሙ ቡናማ ጠርሙስ ዘይት ይያዝበታል፤ ክዳኑ የሚጠብቀው ጀሪካን ውሃ ይቀዳበታል። ቤት ካልሄደ ለቆራሌው ይሸጣል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ለገዢው ምንም አይነግረውም፤ በቀይ ማእዘን ውስጥ የተሣለው የራስ ቅል ምልክትም ቢሆን ወረቀቱ በውሃ ሲለቅ አብሮ ይሄዳል። መጽሐፉ ባዶ ዕቃ ተለቅልቆ ይወገድ ሲል፣ ሳይሰባበር ወይም ሳይበሳ መውጣት እንደሌለበት ለዚህ ዓይነት ከተማ መጻፍ አልታየውም። የተጣለው ሁሉ ደግሞ የሚደርሰው ሰው ካለበት ቦታ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ በክምሩ ላይና በአጠገቡ ስንት ቤተሰብ ይኖር እንደነበረ አገር ሁሉ ያወቀው በዚያን ጊዜ ነበር። ከቤተ ሙከራ የወጣ ከረጢት የሚፈታው በእንዲህ ያለ ቦታ በባዶ እጅ ነው።

አዲሱ ቅጽ ስለ «ደኅንነት ባህል» በመጀመሪያው ምዕራፉ አጥብቆ መናገሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ ባህልም ከእውቀት ቀን ጋር አብሮ መሄድ አለበት። በዳርትማውዝ ኮሌጅ የነበሩት የኬሚስትሪ ሊቅ ካረን ዌተርሃን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ጥቂት የዳይሜቲል ሜርኩሪ ጠብታ በጓንታቸው ላይ ወርዶባቸው በሰኔ 1997 ሞቱ። ግድየለሽ አልነበሩም፤ ጭስ መሳቢያና የላቴክስ ጓንት ተጠቅመዋል። ፈሳሹ በዚያ ጓንት ውስጥ በሴኮንዶች የሚያልፍ መሆኑ የታወቀው ከእርሳቸው በኋላ ነው። የ1983ቱ ቅጽ ከላይ ቢመሰገንም፣ የትኛውም ማርከሻ በኋላ ከታተሙት ጋር ሳይመሳከር ከእርሱ ተቀድቶ ሊሠራበት አይገባም።

ቆሻሻውን ከምንጩ ስለመቀነስ መጽሐፉ የሚሰጠው ምክር ለኢትዮጵያ ይበልጥ የሚስማማው ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት ባለው የቦውደን ኮሌጅ ሜዮና ባቸር ከሜሪማክ ኮሌጁ ፓይክ ጋር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ልምምዶችን ከግራም ወደ ሚሊግራም አወረዱ። ያነሣሣቸው የቤተ ሙከራው አየር መበላሸት ነበር፤ አዲስ የአየር ማስተላለፊያ ከመትከል ይልቅ ሙከራውን ማሳነስ የሚቀል ሆኖ ተገኘ። በአፍሪካም በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ራድማስት ማእከል በፕላስቲክ ሳህንና በጠብታ የሚሠሩ የትምህርት ቤት መሣሪያዎችን አዘጋጅቶ በዩኔስኮ ድጋፍ ወደ ሌሎች አገሮች አስተዋውቋል። በአሥር ጠብታ የሚታየው የቀለም ለውጥ በመቶ ሚሊሊትር ከሚታየው አያንስም። የሚነሣው ተቃውሞ ተማሪው ቡሬትና ፒፔት መያዝ ሳይለምድ ይቀራል የሚል ነው፤ ይህም እውነት አለበት። ለዚያ ግን ኮምጣጤን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መለካት ይበቃል፤ የብርን ወይም የእርሳስን ጨው በሊትር ማፍሰስ አያስፈልግም።

የሚቀረው የግምጃ ቤቱ ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ በአሜሪካ የተጻፈ መጽሐፍ ሊያውቅ አይችልም። በመንግሥት ተቋም በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ዕቃ በሞዴል 22 ወጪ ካልሆነ ተጠያቂው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ጊዜው ያለፈበት ኬሚካል በመዝገብ ላይ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ንብረት ስለሆነ፣ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ተሰይሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ የበላይ ካልፈረመ አይነካም። ኮሚቴው ሲሰየም ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኬሚስት አይገባበትም። በዚህ መካከል ኤተር ለዓመታት ተቀምጦ በክዳኑ ዙሪያ ፔሮክሳይድ ያበቅላል፤ ፒክሪክ አሲድ ውሃው ደርቆ ወደ ፈንጂነት ይቀርባል። ስማቸው የለቀቀ ጠርሙሶች መዝገቡ ላይ ካሉት ጋር ሊመሳከሩ ባለመቻላቸው ወደ ኋላ መደርደሪያ ይገፋሉ። ቆጣሪዎች በሰኔ መጨረሻ ሲመጡ እያንዳንዱን ጠርሙስ አንሥተው፣ አገላብጠው፣ ቁጥሩን ያነባሉ። ክዳኑ ላይ ነጭ ፍሬ ያበቀለ የኤተር ጠርሙስና የደረቀ የፒክሪክ አሲድ ዕቃ ግን ሊነሣ፣ ሊነቀነቅም ሆነ ሊከፈት አይገባውም። በመዝገቡ ላይ ካለው የዋጋ ዓምድ አጠገብ ጠርሙሱ የተከፈተበት ቀን የሚጻፍበት አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ቆጣሪው የትኛውን በእጁ መንካት እንደሌለበት ከወረቀቱ ላይ ማወቅ ይችል ነበር።